ሰባት ጊዜ የሰማሁት እልልታ

ወረታ፣ ከደብረ ታቦር መገንጠያው አለፍ ብሎ፣ በጎማ ጥገናውና በሩዝ መፈልፈያው መካከል የነበረችው ሱቄ ባለፈው የካቲት ተዘጋች። "የነበረችው" ማለቴ ቆርቆሮዋ አሁንም አለች፤ የሌለሁት እኔ ነኝ። ሰው ሁሉ ምክንያቱን አውቆልኛል። ባጃጅ ነጂዎቹ "ጋሽ መኮንንን ስልክ ገደለው" ይላሉ። ዘንድሮ ዘፈን በስልክ ነው፣ ቴፕ ይዞ የሚዞር የለም ማለታቸው ነው። የንስሐ አባቴ "ለነፍስዎ ጊዜ ሊሰጡ ነው" ብለው ደስ ብሏቸዋል። ባለቤቴ አሰገደች ለጠየቃት ሁሉ "ወገቡን አሞት ነው" ትላለች። ወገቤ ደህና ነው። ግን ሚስቴን ውሸታም ላለማሰኘት፣ ሰው ሲያየኝ ጎንበስ እላለሁ።

እውነቱ ጆሮዬ ነው። ዕድሜዬን ሙሉ ድምፅ ስጠግን ኖሬ ድምፅ ጠፋብኝ። ሁሉም አይደለም የጠፋው። በክረምት የፎገራን እንቁራሪት እሰማለሁ። አሰገደች ከጓሮ ስትቆጣኝም እሰማለሁ፣ ባልፈልግም። የጠፋብኝ ቀጭኑ ነው። የወባ ትንኝ ጆሮዬ ሥር መጥታ ስትዘፍን ከሰማሁ ስንት ዓመቴ! በዚህ ሜዳ ላይ እየኖርኩ ትንኝ መምጣቷን የማውቀው ነክሳኝ ከሄደች በኋላ ነው። ይህን ለማንም ሳልናገር ብዙ ዓመት ሠራሁ። የጆሮዬን ነገር ደብቄ መሥራቴ ምን እንዳስከተለ ልነግራችሁ ነው የተነሣሁት፤ ግን ሽማግሌ ነኝና በቀጥታ መንገድ አልሄድም።

ሥራውን የተማርኩት ጎንደር፣ ጋሽ ደመቀ ከሚባሉ ሰው ዘንድ ነው። ስገባ ሃያ ዓመቴ ነበር፤ ሙያ ያለኝ መስሎኝ ነበር የገባሁት። የአጎቴን ራዲዮ ፈትቼ ስገጥም ሦስት ብሎን ተርፎኛል። ራዲዮው ግን ስለሠራ፣ ፋብሪካው ብሎን አባካኝ ነው ብዬ ደመደምኩ። ይህን ለጋሽ ደመቀ በኩራት ስነግራቸው መነጽራቸውን አውልቀው አዩኝ።

"ብሎኖቹ አሉ?"

"አሉ ጋሼ።"

"እንግዲያው ሂድና ከቦታቸው መልሳቸው። ከዚያ ሥራ ትጀምራለህ።"

አጎቴ የሚኖረው አዲስ ዘመን ከተማ ነበር። የመጀመሪያ የሥራ ቀኔን እንግዲህ በጭነት መኪና ላይ፣ ሦስት ብሎን በመዳፌ ጨብጬ አሳለፍኩት።

ጋሽ ደመቀ ዕቃ ሲመጣላቸው ቶሎ አይከፍቱም። ባለቤቱን በርጩማ ላይ ያስቀምጡና፣ "ከመበላሸቱ በፊት ድምፁ እንዴት ነበር?" ይሉታል። "ጥሩ ነበር" ካላቸው አይለቁትም። "ጥሩ ማለት ምን ማለት ነው? ከበሮው ደረትህን ነበር የሚመታህ ሆድህን? ዘፋኟ ፊት ለፊትህ ነበረች ወይስ ጓዳ?" ሰውየው መጀመሪያ ይስቃል፤ ቀጥሎ ዓይኑን ጨፍኖ ማስታወስ ይጀምራል። እሳቸው በእርሳስ ይጽፋሉ። ከዚያ እጃቸውን በሳሙና ይታጠባሉ፣ ክዳኑን ያነሣሉ፣ አፍንጫቸውን ይከታሉ። የነደደ ሬዚስተር፣ ያበጠ ካፓሲተር፣ የአይጥ ሽንት፣ ሁሉንም በጠረኑ ለይተው ያውቃሉ። እኔም እሳቸውን አይቼ አንድ ቀን አፍንጫዬን ከተትኩ። መሣሪያው ከሶኬት አልተነቀለም ነበርና በኮሌታዬ ጎትተው አወጡኝ። "መጀመሪያ ንቀል፣ ከዚያ አሽትት" አሉ።

አንድ ሕግ ነበራቸው። የደንበኛ ካሴት በጥገና ላይ ያለ ማሽን ውስጥ አይገባም። መሞከሪያ የሚሆን የራሳቸው ካሴት ነበራቸው፤ ራሳቸው ከአንድ እስከ መቶ ሲቆጥሩ የተቀዳበት። ሰው ካሴቱን ማሽኑ ውስጥ ረስቶ ከመጣ ያወጡና፣ በወረቀት ጠቅልለው መሳቢያ ውስጥ ይቆልፉበታል። "ማሽን ቢበላሽ ሌላ ማሽን አለ። ድምፁ ግን አንድ ነው" ይሉ ነበር። ስድስት ዓመት ሙሉ ጋሽ ደመቀ ሲቆጥሩ ሰማሁ። እስከ ዛሬ ድረስ ሰባ ሦስት ላይ ስደርስ ማሳል ያምረኛል፤ እሳቸው እዚያ ላይ አስለው ነበር።

ስለ አይሲ ካልነገርኳችሁ የኋላው አይገባችሁም፤ አትፍሩ፣ አጭር ነው። ቴፕ ውስጥ የካሴቱ ክር እየታከከው የሚያልፍ ትንሽ ብረት አለ፤ ሄድ እንለዋለን። ሄዱ ከክሩ ላይ የሚያነበው ድምፅ የጉንዳን ሹክሹክታ ያህል ነው። ያን ሹክሹክታ ተቀብሎ የሚያጎላው ጥፍር የሚያህል ጥቁር ዕቃ ነው፤ በግራ አራት፣ በቀኝ አራት እግር ያለው። አይሲ ማለት እሱ ነው። በእሱ በኩል የገባች ጉንዳን እንደ ፎገራ በሬ እምቧ እያለች ትወጣለች። ችግሩ፣ ለድሮዎቹ ማሽኖች የተሠሩትን አይሲዎች ፋብሪካዎቹ መሥራት ከተዉ ቆይተዋል። ሌላው አካሉ ሁሉ ደህና የሆነ ማሽን በዚያች ጥፍር የተነሣ ዱዳ ይሆናል። ያን ጊዜ ወይ ከሞተ ማሽን ነቅለህ ትተክላለህ፣ ወይ አዲስ ዓይነት ፈልገህ ታስማማለህ። የእኔ ሙያ ይኸው ማስማማት ነበር። ምራትና አማት አንድ ቤት እንደ ማኖር ያለ ነገር ነው።

የመጀመሪያ ጊዜ ሁለት አይሲ ጎን ለጎን አስቀምጬ፣ "ጋሼ፣ ይኸም ስምንት እግር፣ ያም ስምንት እግር። ታዲያ ምን ይለያቸዋል?" አልኳቸው።

"አህያ ስንት እግር አላት?"

"አራት።"

"በሬስ?"

"አራት።"

"እስኪ በአህያ እረስ።"

ከዚያ አስቀመጡኝና አስተማሩኝ። አዲሶቹ አይሲዎች ጎረምሶች ናቸው፣ ፍጥነታቸው ልክ የለውም፤ ከእግራቸው ሥር ትንሽ ካፓሲተር ካላሰርክላቸው ሳይነኳቸው ያፏጫሉ። ሁለተኛው ትምህርት ይበልጥ ረቂቅ ነበር። "መግቢያ እግሩን እይ" አሉኝ። "አንዳንዱ አይሲ ሲያዳምጥ ዝም ብሎ ያዳምጣል። አንዳንዱ እያዳመጠ በሹክሹክታ ይመልሳል፤ ኤሌክትሪክ ወደ ሄዱ ያንጠባጥባል። ለሚመልሰው ዓይነት በመሃል ካፓሲተር አቁምበት፤ በረኛ ነው፣ ድምፁን አሳልፎ ኤሌክትሪኩን ይመልሳል።" አዎን አዎን አልኩ። ሰው አዎን አዎን ሲል መቼም ግማሹን ነው የሚሰማው።

ከጋሽ ደመቀ ዘንድ ወጥቼ የመንግሥት ሥራ ያዝኩ። ስለ አዲስ ዘርና ስለ ከብት ክትባት በድምፅ ማጉያ እየዞረ የሚለፍፍ መኪና ነበር፤ የመኪናው አፍ ጠጋኝ እኔ ሆንኩ። ወረታ የመጣሁት በዚያው ዝውውር ነው። ስለ ደመወዙ ዝም ብል ይሻላል፤ አንድ አይሲ ለማዘዝ ግን አራት ፊርማ ያስፈልግ ነበር፣ አራተኛው ፈራሚ ሁልጊዜ ስብሰባ ነበሩ። አለቃዬ አቶ ፈንታ ደግ ሰው ናቸው። ብቻ ነገር የሚገባው በጩኸት ይመስላቸዋል። "አንሣው መኮንን! አንሣው!" ይላሉ። አንድ የገበያ ቀን ሐሙሲት ላይ አነሣሁት፣ አነሣሁት፣ አይሲው ጨሰና ማጉያው ዝም አለ። አቶ ፈንታ ማይኩን እንደያዙ በባዶ አፋቸው ቀጠሉ። አንዲት ቅቤ ሻጭ ጠጋ ብላ፣ "ጌታዬ፣ አሁን ገና ሰማንዎ። ቅድም እኮ ጆሯችንን ይዘን ነበር" አለቻቸው።

በክረምት ደግሞ ሜዳው ውኃ ሲተኛበት መኪናው ጥቁሩ ጭቃ ውስጥ ይዋጣል። ገበሬዎች በሬ ጠምደው ይጎትቱናል። እየጎተቱ አንዱ፣ "ይኸ መኪና የሚሠራው አፉ ብቻ ነው እንዴ?" ሲል እኔ ከውስጥ ሆኜ ስቄያለሁ፤ አቶ ፈንታ አልሳቁም።

በኋላ ክፍሉ ታጠፈና የምስክር ወረቀት ሰጥተው አሰናበቱኝ። ሱቄን ከፈትኩ። ጥሩ ዘመን ነበር። አንድ የደብር አለቃ የቤተ ክርስቲያናቸውን ማጉያ አሸክመው መጥተው፣ "ልጄ፣ እኛ ቅዳሴ ሳንገባ ይኸ ማሽን ቀድሞን ዜማ ይጀምራል" ያሉኝ ትዝ ይለኛል። ሌላ ጠጋኝ ጎረምሳ አይሲ ያለ ካፓሲተር ተክሎበት ነበር። እግሩ ሥር አንዲት ካፓሲተር አሰርኩለት፣ ጨዋ ሆነ። አለቃው በምእመናን ፊት አመሰገኑኝ። ያን ሰሞን ከወረታ ሕንፃዎች ሁሉ እኔ እረዝም ነበር። ከሰማይ እንደወረደ ጠቢብ አንገቴን አቅንቼ ስሄድ የባጃጅ መስታወት ገጭቻለሁ።

ወደ ወይዘሮ የሺ ልምጣ።

ባለፈው ኅዳር፣ ሩዝ ታጭዶ ሜዳው መድረቅ ሲጀምር፣ ስድሳ ዓመት ገደማ የሚሆናት ሴት ጆንያ ታቅፋ ከባጃጅ ወረደች። የቁሐር ሚካኤል ገበሬ ናት። ጆንያውን እንደ ሕፃን ጠረጴዛዬ ላይ አስተኛችው። ውስጡ ትልቅ የድሮ ቴፕ ነበር።

"አያ መኮንን፣ ዱዳ ያናግራሉ አሉኝ።"

"ዱዳ ማናገርስ አናግራለሁ። ተናጋሪ ዝም ማሰኘት ነው ያቃተኝ፤ ባለቤቴን ጠይቂ።"

አልሳቀችም። በርጩማው ላይ አስቀምጬ እንደ ልማዴ ጠየቅኋት፣ "ከመበላሸቱ በፊት ድምፁ እንዴት ነበር?"

"የእናቴን ድምፅ ነው የሚሉኝ?" አለች።

ከዚያ ነገረችኝ። እሷ ስትዳር መምህር የሆነው ወንድሟ ይህን ቴፕ ይዞ መጥቶ ሠርጓን ቀድቶታል። ከቤት ስትወጣ እናቷ እልል ብለውላታል፤ ሦስት አጫጭር፣ ከዚያ አንድ ረዥም፣ ረዥሙ መጨረሻው ላይ ወደ ላይ የሚነሣ። እናቷ በቀጣዩ ክረምት ሞቱ። ከእሳቸው የቀረው ድምፅ ያ ካሴት ላይ ያለው ብቻ ነው።

"የመጨረሻዋን ልጄን በጥር ልድር ነው" አለች። "አያቷን አታውቃትም። ከቤት ስትወጣ አያቷ እልል እንድትልላት ነው የምፈልገው።"

"አንቺስ?"

"እኔ አይሆንልኝም። እናቴን ከቀበርኩ ወዲህ ጉሮሮዬ ለእልልታ እምቢ አለ። ሁለቱን ትልልቆቹን ስድር እልል ያለልኝ ጎረቤት ነው።"

ማሽኑን ስከፍተው የሩዝ ገለባና አንድ የአይጥ ጎጆ ወጣ። ሌላው ደህና ነበር፤ የሞተው አይሲው ነው። ከባሕር ዳር አዲስ አስመጣሁ። ስምንት እግር፣ ልክ ልኩ። ከእግሩ ሥር ካፓሲተር አሰርኩ፤ እንዳያፏጭ ማለት ነው፤ እሱን መቼም አልረሳም፣ የተመሰገንኩበት ነዋ። በሳምንቱ የሺ ልትጠይቅ መጣች። መበየጃውን ነቅዬ ማሽኑን አስነሣሁት። መሞከሪያ ካሴቴ መሳቢያው ውስጥ ነበር፤ መሳቢያው ደግሞ ክርኔ ሥር። ስልኬም ኪሴ ውስጥ ነበር፤ ካሴቱን በሌላ ማሽን አጫውቼ አስቀድሜ በስልኬ መቅዳት እችል ነበር። አንዱንም አላደረግሁም። ፊቷን ማየት ፈለግሁ፤ ጉራ ነው፣ ሌላ ስም የለውም። የእናቷን ካሴት ከትቼ ተጫንኩት።

እልልታው ሱቁን ሞላው። የሺ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ቀረች። ጎማ ጠጋኙ ሳይቀር መዶሻውን አስቀመጠ።

"ካሴቱን የሚያዞረው ላስቲክ ላልቷል፤ እስከ ገበያ ቀን ተይው፣ አስተካክዬ እሰጥሻለሁ" አልኳት። ስለ ላስቲኩ እውነቴን ነው። ካሴቱን ይዛ ትሂድ ማለት ግን አልመጣልኝም። አልመጣልኝም ልበል እንጂ፣ እንዲቀርልኝ ነበር የፈለግሁት።

እኔና አሰገደች የተጋባነው በፊርማ ነው። ቤተሰቦቿ አልወደዱኝም፤ አልፈርድባቸውም፣ ያኔ ቁመናዬን ብታዩት እናንተም አትወዱኝም። በዚያ ቀን የማዘጋጃ ቤቱ ጸሐፊ ማኅተም ሲመታ ከተሰማው በቀር ድምፅ አልነበረም። በማግስቱ አሰገደችን ሱቅ ጠርቼ ያን እልልታ አሰማኋት። "ለእኛም ይሁንልን" አለችና ትከሻዬን መታ አድርጋኝ ሄደች። ይኸው ሁለት። ጎማ ጠጋኙ ድገምልኝ አለ፤ ሦስት። ሁለት ባጃጅ ነጂዎች ጠርቼ አሰማሁ፤ አራት። ብቻዬን ሁለት ጊዜ። ሰባተኛውን ስሰማ አሰገደች ምሳ ይዛ ገባች። ቆም አለች።

"ምነው፣ ሴትዮዋ ጋቢ ተከናነበች?"

"የምን ጋቢ?"

"ያን ዕለት እዚህ ጋ ነበር የወጋኝ" አለች፣ ጆሮዋን ይዛ። "አሁን ከግድግዳ ጀርባ ናት።"

"ለእኔ ያው ናት።"

"አንተማ ውኃ ሲፈላ የሚያፏጨውን ጀበና መቼ ሰምተህ ታውቃለህ። እኔ እየሮጥኩ አወርደዋለሁ እንጂ።" ለካ ታውቅ ኖሯል። ስንት ዓመት ዝም ብላ ጀበና ስታወርድልኝ!

ማሽኑን ከፍቼ ኤሌክትሪክ መለኪያ ቴስተሬን የአይሲው መግቢያ እግር ላይ አደረግሁ። ከአይሲው ወደ ሄዱ ኤሌክትሪክ ይንጠባጠባል። የድሮው አይሲ ዝም ብሎ የሚያዳምጥ ዓይነት ነበርና ፋብሪካው በረኛ አላቆመም። እኔ የተከልኩት እያዳመጠ የሚመልሰው ዓይነት ነው። ሄዱ ቀስ በቀስ ማግኔት ሆኗል፤ ማግኔት ደግሞ ከካሴት ክር ላይ ድምፅ ያብሳል፣ ቀጭኑን አስቀድሞ። ክሩ ባለፈ ቁጥር ምላጭ ላይ ነው ያለፈው። ሰባት ጊዜ "ይበል!" እያልኩ የሟች እናት እልልታ ላጨሁ። የተላጨው ደግሞ የእኔ ጆሮ የማይደርስበት ክፍል ስለሆነ፣ ሰባቱንም ጊዜ እኩል አማረኝ።

አሰገደች ምሳውን አስቀምጣ ሳትቀመጥ ወጣች። ምን ትላታለህ ብላ አልጠየቀችኝም። እኔ ግን መልስ አዘጋጅቼ ነበር፦ "ካሴቱ አርጅቷል።" ካሴት ያረጃል፤ ማን ይከራከረኛል? በዚህች ቃል በሥራ ዘመኔ ስንት ጊዜ እንዳመለጥኩባት ብነግራችሁ መልሳችሁ ሰላም አትሉኝም።

ቤቴ ለራሴ ያስቀመጥኳት አንዲት ቴፕ ነበረችኝ፤ የእሷ አይሲ ከየሺ ቴፕ ጋር አንድ ዓይነት ነው። ነቅዬ ተከልኩት። የእኔይቱ ዱዳ ሆና ቀረች። ሄዱን ከማግኔት ለማላቀቅ ጋሽ ደመቀ ያሳዩኝን አደረግሁ፤ ሽቦ የተጠመጠመበት ብረት ኤሌክትሪክ ሰጥተህ ወደ ሄዱ ታስጠጋለህ፣ ከዚያ ከጳጳስ ፊት እንደምትወጣ፣ ጀርባህን ሳትሰጥ፣ ቀስ እያልክ ታፈገፍጋለህ። እንዳልሳሳት ሦስት ጊዜ ደገምኩት። ቀጥሎ የተረፈውን ድምፅ፣ ማጉያውን ዘግቼ፣ በሽቦ ወደ ስልኬ ቀዳሁ። ጉዳቱ ቆመ። የሄደው ግን አይመለስም።

በገበያ ቀን የሺ መጣች።

"እት የሺ፣ ማሽኑ ድኗል። ካሴቱን ግን ጎድቼዋለሁ።"

"ጎዳሁት ማለት?"

በስልክ የቀዳሁትን አሰማኋት። ነጠላዋን አፏ ላይ አላደረገችም። እጇ ጉልበቷ ላይ ቀረ። ምን እንደሆነ ከነምክንያቱ ነገርኳት፤ በረኛውን መርሳቴን፣ ጆሮዬን፣ ሁሉንም።

"ስንት ጊዜ ሰሙት?"

"ሰባት።"

"ለምን?"

"ደስ ብሎኝ።"

"እኔ በዓመት አንድ ቀን ነበር የምሰማት" አለች። "በሙት ዓመቷ ብቻ። እንዳታልቅብኝ ብዬ።"

መበየጃዬን አነሣሁ፣ መልሼ አስቀመጥኩ። "ብትቆጪኝ ይሻለኛል" አልኳት።

"ብቆጣ ይመለሳል?"

"አይመለስም።"

"እንግዲያው መቆጣት ምን ይረባል።" ከዚያ ተቆጣች። "ሽማግሌ አይደሉም እንዴ? የሰው አደራ እንደ ቆሎ ይዘግናሉ? ጥርስ የሌለው ሰው ቆሎ ምን ያደርግለታል?" ጥርስ አለኝ፤ ግን ክርክር የሚነሣበት ሰዓት አልነበረም።

ስትጨርስ ድምፅዋ ወረደ። "አሁን ይኼን ስሰማው ደህናው ከራሴ ውስጥም ጠፋብኝ። ከእኔ ሌላ ሳይጎዳ የሰሙት አንቱ ነዎት። መጨረሻው ላይ እንዴት ነበር የምታነሣው?"

በቃል ልነግራት ሞከርኩ። "መጀመሪያ እንደ... ቀጥሎ ደግሞ..." አልሆነም። ስለዚህ ሰባ ዓመት ያለፈኝ፣ ጢሜ የሸበተ ሰው፣ በጠራራ ፀሐይ፣ በወረታ መንገድ ዳር፣ እልል አልኩ።

ጎማ ጠጋኙ ቁልፍ እንደጨበጠ ሮጦ መጣ። "ማን ወለደ?"

"እኔ" አልኩት።

የሺ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። የምታለቅስ መስሎኝ ደነገጥኩ። ሳቅ ነበር። "ይኸ እልልታ አይደለም፣ ጅብ ነው!" አለች።

"እንግዲያው አስተካክይው። እኔ ሳላስተካክል ዕቃ አስረክቤ አላውቅም።"

"ሦስቱ አጫጭር እንዲህ አይደሉም። ዝቅ ብለው ነው የሚጀምሩ፤ እንዲህ..." አንዷን አለቻት፣ በቀስታ፣ መንገደኛ እንዳይሰማት። ሁለተኛዋን። ሦስተኛዋን። ረዥሙን ጀመረችና መሃል ላይ ድምፅዋ ተሰበረ።

"አዩት?" አለችኝ። "አይሆንልኝም ብዬዎታለሁ።"

ቴፑን ጆንያው ውስጥ መልሳ ታቀፈችው። ይቅር ብዬዎታለሁ አላለችኝም። ባጃጅ ላይ ከወጣች በኋላ ግን አንገቷን አውጥታ፣ "ሠርጉ ላይ ይምጡ። የሚጫኑት አንቱ ነዎት። ስምንተኛውን በፊቴ" አለች።

ጥር ላይ እኔና አሰገደች ቁሐር ሚካኤል ሄድን። ዳሱ ሞልቷል፣ ጄኔሬተሩ ያስላል። ዘፈን አጫዋቹን ዝም አሰኝተው ቴፑን ከበሩ አጠገብ በርጩማ ላይ አስቀመጡልኝ። ከዚያ በፊት መንግሥትም አለቃም እንዲያ አላስፈራኝም። ሙሽራይቱ ደፍ ላይ ብቅ ስትል የሺ ከኋላዋ ሆና ዓይኗን ጣለችብኝ። ተጫንኩ።

መጀመሪያ የድሮ ሠርግ ሁካታ መጣ፣ ውሻ ጮኸ። ቀጥሎ እናት። አንድ። ሁለት። ሦስት። ረዥሙ ተጀመረ፣ ሄደ፣ ሊነሣ የሚገባው ቦታ ላይ ሲደርስ ታፈነ። ሙሽራይቱ ምን ማድረግ እንዳለባት ጠፍቷት አንድ እግሯን ከደፉ ውጭ አድርጋ ቆመች። እኔ መሬት ተከፍቶ ቢውጠኝ አልጠላም ነበር።

ያን ጊዜ የሺን አየኋት። ነጠላዋ ከራሷ ወርዷል። አንገቷን ቀና አድርጋ፣ እናቷ ከተዉበት ቦታ ገብታ ተቀበለቻቸው። ድምፅዋ ሲነሣ ተከተልኩት፣ እስከ ደረሰልኝ ድረስ ተከተልኩት፤ ከዚያ እኔ ከማልደርስበት አለፈና ጠፋብኝ። ጉሮሮዋ ሲንቀጠቀጥ ብቻ ነው የማየው። ሙሽራይቱ ወደ ኋላ ዞራለች። ሴቶቹ ሁሉ አፋቸውን ከፍተው እልል ለማለት ይጠብቃሉ፣ አንዳቸውም ግን አልጀመሩም።

"አሰጉ፣ ተሰበረ እንዴ?" አልኩ በሹክሹክታ። "ጨረሰች?"

አሰገደች ክንዴን ጨበጠችኝ።

"ዝም በል" አለች። "ገና እየወጣች ነው።"